«አራት ሰከንድ ብቻ ናት»፡ የሌላን ሰው ሙዚቃ ቀንጭቦ ለመጠቀም ማንን ማስፈቀድ ያስፈልጋል?

ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት የሙዚቃ አቀናባሪ ቢሮዬ መጣ፡፡ አልበሙ ተጠናቋል፣ ሚክሲንጉም አልቋል፤ የቀረው ሽፋኑን ማሳተምና ገበያ ላይ ማዋል ነበር፡፡ ያሳሰበው ጉዳይ በአንደኛው ዘፈን መግቢያ ላይ የሚሰማው የትራምፔትና የሳክስፎን ድምፅ ነው፡፡ እነዚያን መሣሪያዎች የተጫወቱት ሰዎች የእሱን ስቱዲዮ ረግጠው አያውቁም፡፡ ድምፁ ከአሮጌ ሸክላ ላይ ተወስዶ፣ ፍጥነቱ ጨመር ተደርጎ፣ እየተደጋገመ እንዲሄድ የተደረገ ነው፡፡ «ጋሼ፣ አራት ሰከንድ ብቻ ናት፤ ለእሷም ፈቃድ ያስፈልጋል?» ሲል ጠየቀኝ፡፡

«አዎን፣ ያስፈልጋል» አልኩት፡፡ መልሴ ትክክል ነበር፡፡ ቀጥሎ የሠራሁት ሥራ ግን ግማሹ ስህተት ነበር፡፡ የሸክላውን ማስተር በእጁ ያስገባውን ነጋዴ አፈላልገን አገኘን፡፡ ውል አረቀቅኩ፤ ተፈራረሙ፤ ገንዘብ ተከፈለ፤ አልበሙም ወጣ፡፡ ሁለት ወር ሳይሞላ አንዲት ሴት ያረጀ ደብተር ይዛ ቢሮዬ መጣች፡፡ የዜማው ደራሲ ልጅ ናት፡፡ አባቷ በእጁ የጻፈው ኖታ ደብተሩ ውስጥ አለ፡፡ «ወንድሜ፣ ለነጋዴው እንደከፈላችሁ ሰምቻለሁ፡፡ ዜማው ግን የአባቴ ነው፡፡ እኛን ማን ጠየቀን?» አለችኝ፡፡ ውሉን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት፡፡ ስለ ቴፑ እንጂ ስለ ዜማው አንድም ቃል የለበትም፡፡ ያንን ውል ያረቀቅኩት ደግሞ እኔው ነኝ፡፡

ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ አቀናባሪዎች፣ የማስታወቂያ ባለሙያዎችና የፊልም ሰዎች ቁጥር ጨምሯል፡፡ በዛሬው ጽሑፌ ያ ስህተት ያስተማረኝን፣ ሕጉ የሚለውንና በተግባር መደረግ ያለበትን በቅደም ተከተል ለአንባቢያን ለማቅረብ እሞክራለሁ፡፡

ለመሆኑ ሳምፕል ምንድን ነው?

ሳምፕል ማለት ቀደም ሲል ተቀርጾ ከወጣ ሙዚቃ ላይ የተወሰነ ድምፅ ቀንጭቦ በመውሰድ አዲስ ሥራ ውስጥ ማስገባት ነው፡፡ የተወሰደው የከበሮ ምት፣ የአንድ ድምፃዊ «እህ» ማለት ወይም የማሲንቆ ጭረት ሊሆን ይችላል፡፡ በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፡፡ አንድ ሰው የቆየን ዜማ በራሱ ባንድ አዲስ አስጫውቶ ከቀረጸው የወሰደው ዜማውን ብቻ ነው፡፡ ሳምፕል ያደረገ ግን ዜማውንም ቀረጻውንም ወስዷል፡፡ የሳምፕል ፈቃድ ከሌላው ፈቃድ የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

የእኛ ሙዚቃ በዚህ ገበያ ውስጥ እንግዳ አይደለም፡፡ ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ አልበም የቆዩ ቅጂዎቻችን በዓለም ከተሰራጩ ወዲህ የውጭ አቀናባሪዎች ወደ እኛ ሸክላዎች ዘወር ብለዋል፡፡ ናስ እና ዴሚያን ማርሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት «አዝ ዊ ኢንተር» የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» መሠረት ያደረገ ነው፡፡ ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ አቀናባሪም እ.ኤ.አ. በ2009 ሙሉ አልበም የሠራው ከኢትዮጵያ ሸክላዎች በቀነጨባቸው ድምፆች ነው፡፡ ስለዚህ ሕጉን ማወቅ የሚጠቅመው ለመውሰድ ብቻ ሳይሆን የተወሰደብንን ለመጠየቅም ነው፡፡

አንድ ዘፈን፣ ብዙ ባለመብት

እኔ የተሳሳትኩበት ቦታ ይህ ነው፡፡ ከአንድ ቀረጻ ጀርባ ሁለት የመብት ንብርብሮች አሉ፡፡

የመጀመሪያው የድርሰቱ መብት ነው፡፡ ይህ የዜማው ደራሲ፣ የግጥሙ ደራሲና እንደ ሁኔታው የአቀናባሪው ነው፡፡ በሕግ ቋንቋ የቅጂ መብት የሚባለው ይኸው ነው፡፡

ሁለተኛው የቀረጻው መብት ነው፡፡ ይህ ደግሞ ዘፈኑን የዘፈኑትና መሣሪያውን የተጫወቱት ሰዎች፣ እንዲሁም ቀረጻውን ያዘጋጀው ፕሮዲዩሰር ነው፡፡ ሕጉ ዘፋኙንና ተጫዋቹን «ከዋኝ» ይላቸዋል፤ የእነዚህ ወገኖች መብትም ተዛማጅ መብት ይባላል፡፡

ከአንደኛው ወገን የተገኘ ፈቃድ ሌላውን አይተካም፡፡ ለዚህ ዓለም የሚያውቀው ምሳሌ «ዘ ቨርቭ» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው «ቢተር ስዊት ሲምፎኒ» ነው፡፡ ባንዱ የሮሊንግ ስቶንስን አንድ ዘፈን በኦርኬስትራ ካቀረበ ቅጂ ላይ ሳምፕል ወሰደ፡፡ የቀረጻው ባለቤት ከሆነው ኩባንያ ጋር ተስማምቷል፡፡ የድርሰቱ መብት ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ነበር፡፡ በተነሳው ውዝግብ መጨረሻ የድርሰቱ ገቢ ለዚያ ኩባንያ ሲሆን፣ ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስም በደራሲነት ተመዘገቡ፡፡ ግጥሙን የጻፈው ሪቻርድ አሽክሮፍት መብቱ የተመለሰለት እ.ኤ.አ. በ2019፣ ያውም ሁለቱ ባለመብቶች በፈቃዳቸው ስለተዉለት ነው፡፡ ሃያ ሁለት ዓመት ማለት ነው፡፡

አጭር መሆኑ ያድናል?

«ከሰባት ሰከንድ በታች ከሆነ ችግር የለውም» የሚል ወሬ ስቱዲዮዎች አካባቢ ይናፈሳል፡፡ እንዲህ የሚል ቁጥር በእኛም አዋጅ ሆነ በአሜሪካ ሕግ ውስጥ የለም፡፡ ፍርድ ቤቶችም በጉዳዩ ላይ አንድ ዓይነት አቋም አልያዙም፡፡

እ.ኤ.አ. በ1991 ኒውዮርክ የተሰየመ የፌዴራል ፍርድ ቤት የራፐር ቢዝ ማርኪ አልበም ሽያጭ እንዲቆም አዘዘ፡፡ ምክንያቱም ከጊልበርት ኦሱሊቫን ዘፈን የተወሰደ ሳምፕል ነበር፡፡ ዳኛው ውሳኔያቸውን የጀመሩት ከዐሥሩ ትእዛዛት ስለ ስርቆት የሚናገረውን በመጥቀስ ሲሆን፣ ጉዳዩ በወንጀልም እንዲታይ ለዐቃቤ ሕግ መርተውታል፡፡ እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፡፡ የራፐሩ ወገኖች ፈቃድ ጠይቀው ነበር፡፡ መልስ ሳያገኙ ግን አልበሙን አወጡት፡፡ የላኩት ደብዳቤ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ያውቁ እንደነበር ማስረጃ ሆነባቸው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2005 ሌላ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከፈንካዴሊክ ባንድ ዘፈን የተወሰደን የሁለት ሰከንድ የጊታር ድምፅ ተመልክቶ፣ ከቀረጻ ላይ የሚወሰድ ምንም ያህል ቢያንስ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ወሰነ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በካሊፎርኒያ በኩል ያለው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማዶና «ቮግ» ዘፈን ውስጥ የሚሰማ የ0.23 ሰከንድ የነፋስ መሣሪያ ድምፅ ተራ አድማጭ የማይለየው ስለሆነ ጥሰት አይደለም አለ፡፡ በአውሮፓም ክራፍትቨርክ የተባለው የጀርመን ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሠራው ዘፈን የተወሰደ የሁለት ሰከንድ ምት ከ20 ዓመት በላይ አከራክሯል፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በሰጠው ውሳኔ፣ አጭር ሳምፕልም ቢሆን በመርህ ደረጃ የፕሮዲዩሰሩን ፈቃድ እንደሚፈልግ፣ ነገር ግን በጆሮ እስከማይለይ ድረስ ከተለወጠ እንደማያስፈልግ አስታውቋል፡፡

ከዚህ የምንረዳው ሰከንድ መቁጠር መፍትሔ አለመሆኑን ነው፡፡ አንዱ ችሎት ነፃ ያለውን ሌላው ጥፋተኛ ይለዋል፡፡ ዘፈን ደግሞ ዛሬ በአንድ ቀን ሁሉም አገር ይደርሳል፡፡

የእኛ ሕግ ምን ይላል?

ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል፡፡ ከሳምፕል ጋር የሚገናኙትን ነጥቦች ባጭሩ ላስቀምጥ፡፡

አንደኛ፣ መብቱ የሚገኘው ሥራው በመፈጠሩ እንጂ በመመዝገቡ አይደለም፡፡ ስለዚህ «አልተመዘገበም» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም፡፡

ሁለተኛ፣ ሥራውን ማባዛት፣ ማሻሻል፣ ወደ ሌላ መልክ መለወጥና ማሰራጨት የደራሲው የኢኮኖሚ መብቶች ናቸው፡፡ ከዋኙና የድምፅ ቀረጻው ፕሮዲዩሰርም ቀረጻቸው ያለፈቃዳቸው እንዳይባዛ የመከልከል መብት አላቸው፡፡

ሦስተኛ፣ ደራሲው የሞራል መብትም አለው፡፡ ስሙ እንዲጠቀስለትና ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይበላሽ መጠየቅ ይችላል፡፡ አንድ መዝሙር ተቀንጭቦ የመጠጥ ማስታወቂያ ውስጥ ቢገባ ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አይሆንም፡፡

አራተኛ፣ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፡፡ ደራሲዎቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ የሚቆጠረው በመጨረሻ ከሞተው ነው፡፡ የከዋኙና የፕሮዲዩሰሩ መብት ደግሞ 50 ዓመት ነው፡፡

አምስተኛ፣ ቅጣቱ ቀላል አይደለም፡፡ አዋጁ በ1996 ሲወጣ ሆን ብሎ ለሚፈጸም ጥሰት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት፣ ለሞራል ጉዳት ደግሞ ከ100,000 ብር የማያንስ ካሣ ደንግጎ ነበር፡፡

ሦስት የተለመዱ ማምለጫዎች

«ስሙን ሽፋኑ ላይ ጠቅሻለሁ» የሚሉ አሉ፡፡ ስም መጥቀስ የሞራል መብትን ማክበር ነው፤ ፈቃድን ግን አይተካም፡፡ አዋጁ የታተመን ሥራ በተገቢው መጠን ጠቅሶ መጠቀምን ይፈቅዳል፡፡ ይህ ግን ለሂስ፣ ለጥናትና ለመሳሰለው ዓላማ የሚመች እንጂ የሌላውን ዜማ የራስ ዘፈን መሠረት ለማድረግ በቀላሉ የሚያገለግል አይደለም፡፡

«የሕዝብ ዜማ ነው» የሚሉም አሉ፡፡ ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺ ሆዬና አምባሰል የማንም የግል ንብረት አይደሉም፡፡ ባለቤቱ የማይታወቅ የሠርግ ዘፈንም እንዲሁ፡፡ ነገር ግን ያንን የሠርግ ዘፈን አንዲት ድምፃዊት ስቱዲዮ ገብታ ከዘፈነችውና አንድ ሙዚቃ ቤት ካሳተመው፣ ቀረጻው የእነሱ ነው፡፡ ዜማውን ራስህ አስጫውተህ መቅረጽ ትችላለህ፤ የእሷን ድምፅ መቅዳት ግን አትችልም፡፡

«ማስተሩን ገዝቻለሁ» የሚለው ሦስተኛው ነው፡፡ እኔንም የጣለኝ ይኸው ነው፡፡ በካሴት ዘመን ድምፃውያን በጥቅል ገንዘብ ተከፍሏቸው ማስተሩ በሙዚቃ ቤቱ እጅ መቅረቱ የተለመደ ነበር፡፡ ይሁን እንጂ የቴፑ ባለቤት መሆንና የዜማው ባለመብት መሆን የተለያዩ ናቸው፡፡ የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ በተደረገ ውል ነው፤ የሚተላለፈውም በውሉ የተዘረዘረው ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ «ውሉን አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም፡፡

የቆዩ ሸክላዎች ጉዳይ

በብዛት ሳምፕል የሚደረጉት በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የወጡት ሸክላዎች ናቸው፡፡ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረቱት አምሃ ሪከርድስና እሱን የተከተሉት አሳታሚዎች ያወጧቸው ማለት ነው፡፡ እዚህ ላይ ስሌቱ ትኩረት ይፈልጋል፡፡

አንድ ሸክላ በ1962 ዓ.ም. ወጣ እንበል፡፡ የቀረጻው 50 ዓመት በ2012 ዓ.ም. ይሞላል፡፡ የዜማው ደራሲ በ1985 ዓ.ም. ከሞተ ግን የድርሰቱ መብት እስከ 2035 ዓ.ም. በወራሾቹ እጅ ይቆያል፡፡ ስለዚህ «ሸክላው አርጅቷል» ብሎ የተነሳ ሰው ነጋዴውን ቢያልፍ እንኳ ወራሾቹን ማለፍ አይችልም፡፡

ሌላም አለ፡፡ ዘፈኑ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ከሆነ የሚታየው የአሜሪካ ሕግ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከ1957 እስከ የካቲት 1972 አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ለታተሙ ቀረጻዎች እስከ 2067 ድረስ ጥበቃ ይሰጣል፡፡ እዚህ ዕድሜው ያለቀ የሚመስለው ሸክላ እዚያ ገና 40 ዓመት ሊቀረው ይችላል፡፡ ሥራውን በኢንተርኔት የሚለቅ ሰው ከአከፋፋዩ ጋር ሲዋዋል በሥራው ውስጥ ያለው ሁሉ የራሱ ወይም የተፈቀደለት መሆኑን አረጋግጦ ነው የሚፈርመው፡፡ የዩቲዩብ መለያ ሥርዓትም ቀረጻውን በራሱ ለይቶ ገቢውን ለሌላ ሊያዞር ወይም ቪዲዮውን ሊዘጋ ይችላል፡፡

ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል?

1. ምንጩን በትክክል ይመዝግቡ፡፡ የዘፈኑ ርዕስ፣ ድምፃዊው፣ የሸክላው ወይም የካሴቱ ቁጥር፣ ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ሰከንድ እንደተወሰደ ይጻፍ፡፡ ከኢንተርኔት የተገኘ ከሆነም ዋናውን ቅጂ ማግኘት ያስፈልጋል፡፡

2. ባለመብቶቹን በሁለት ዝርዝር ይለዩ፡፡ በአንደኛው የዜማ፣ የግጥምና የቅንብር ባለቤቶች፤ በሁለተኛው ከዋኞችና ፕሮዲዩሰር ይግቡ፡፡ የሸክላው ሽፋን፣ የሙያ ማኅበራትና የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ለፍለጋው መነሻ ይሆናሉ፡፡ በሕይወት ያሉ የባንዱ አባላት ግን ከሁሉም የተሻሉ ምስክሮች ናቸው፡፡

3. ሟች ካለ ወራሾችን ይጠይቁ፡፡ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት መኖሩን ይመልከቱ፡፡ ከአራት ልጆች የአንዱ ፊርማ የሌሎቹን ሦስት አይተካም፤ ወይ ሁሉም ይፈርማሉ፣ ወይ በውክልና አንዱ ይፈርማል፡፡

4. ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ከማሳያ ቅጂ ጋር ያቅርቡ፡፡ ባለመብቱ ድምፁ የት እንደገባና ምን ዓይነት ግጥም እንደታከለበት የመስማት መብት አለው፡፡ ግጥሙን ደብቆ የተገኘ ፈቃድ ኋላ ጠብ ያመጣል፡፡

5. ክፍያውን ይደራደሩ፡፡ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ፣ ከሽያጭ የሚታሰብ ድርሻ ወይም የሁለቱ ድብልቅ ሊሆን ይችላል፡፡ ሳምፕሉ የዘፈኑ መሠረት ከሆነ የዜማው ባለቤት በአዲሱ ድርሰት ውስጥ ድርሻ ይገባኛል ቢል አይግረማችሁ፤ በውጭም የተለመደ ነው፡፡

6. ውሉ ላይ የሚከተሉት ይግቡ፡፡ የትኛው ድምፅ፣ በየትኛው ዘፈን፤ በሲዲ፣ በኢንተርኔት፣ በፊልም ወይስ በማስታወቂያ፤ በየትኛው አገር፣ ለምን ያህል ጊዜ፤ ስም እንዴት እንደሚጠቀስ፤ ፈቃድ ሰጪው ባለመብት መሆኑን ስለማረጋገጡና ሌላ ጠያቂ ቢመጣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ፡፡ ውሉ ስለ ዜማው ነው ወይስ ስለ ቀረጻው የሚለው ደግሞ በመጀመሪያው አንቀጽ በግልጽ ይጻፍ፡፡

7. ይህ ሁሉ ከሚክሲንግ በፊት ይለቅ፡፡ አልበሙ ካለቀ በኋላ የሚጠይቅ ሰው የመደራደር አቅም የለውም፡፡ ባለመብቱም ያንን ያውቃል፡፡

ቢከለከልስ?

ባለመብቱ «አይሆንም» የማለት መብት አለው፡፡ ዝም ማለቱም ፈቃድ አይደለም፤ ቢዝ ማርኪ ላይ የደረሰውን አይተናል፡፡ ቀረጻው ብቻ ከተከለከለ የዜማውን ባለቤት አስፈቅዶ በሙዚቀኞች አዲስ ማስጫወት ይቻላል፡፡ ዜማውም ከተከለከለ ያለው መንገድ አዲስ መፍጠር ነው፡፡ ባለፈው ዓመት ያማከርኩት አንድ አቀናባሪ አራት ወራሾች ዘንድ ሄዶ ሦስቱ ሲስማሙ አንደኛው እምቢ አለው፡፡ ልጁ ተናደደ፤ ግን ሳምፕሉን አውጥቶ ሁለት የትራምፔት ተጫዋቾች ቀጠረና የራሱን መግቢያ ጻፈ፡፡ ወጪ አስወጥቶታል፡፡ ዘፈኑ ግን አሁን ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው፡፡

ወደ መጀመሪያው ታሪክ ልመለስና ላብቃ፡፡ የዚያ የአራት ሰከንድ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽምግልና አለቀ፡፡ ወጣቱ ለነጋዴው ከከፈለው የበለጠ ለቤተሰቡ ከፈለ፤ የደራሲው ስምም በቀጣዩ ሕትመት ላይ እንዲገባ ተደረገ፡፡ እኔም የጥብቅና ክፍያዬን መለስኩ፡፡ ፊርማው ካለቀ በኋላ የደራሲውን ልጅ «ቀድመን ጠይቀንሽ ቢሆን ስንት ትጠይቂ ነበር?» አልኳት፡፡ «አባባ ሲሞት ሥራውን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፡፡ መጥታችሁ ብትጠይቁን ኖሮ ደስታውም ይበቃን ነበር መሰለኝ» አለችኝ፡፡

ከዚያ ቀን ወዲህ ለሳምፕል የሚሆን ማንኛውንም ውል ከማርቀቄ በፊት ደንበኛዬን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፡፡ «ቴፑ የማን እንደሆነ ነገርከኝ፤ ዜማውስ የማን ነው?»

ቸር እንሰንብት፡፡